የትሪው ግራ ጎን፦ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ለመማር ለምታስቡ

እናቴ ከስትሮክ ተርፋ ወደ ቤት የተመለሰች ሰሞን ምግብ ስናቀርብላት በቀኝ በኩል ያለውን ጠርጋ ትበላና በግራ በኩል ያለውን ሳትነካ ትተወው ነበር። ሽሮው በግራ ከወጣ ሽሮው ይቀራል፤ ጎመኑ በግራ ከወጣ ጎመኑ ይቀራል። እኛ «ምግብ አስጠላት» አልን። እህቴ ወጡን ትቀያይራለች፣ ጎረቤቶቻችን አጥሚት አፍልተው ያመጣሉ፣ አክስቴ ጠበል ይዛ ትመጣለች። ከሆስፒታል ስንወጣ የደም ግፊት መድኃኒቷን በስንት ሰዓት እንደምትወስድ በደንብ ነግረውን ነበር። እንዴት እንደምትበላ፣ ቀሚሷን እንዴት እንደምትለብስ፣ ከመጸዳጃ ቤት እንዴት እንደምትነሣ ግን ማንም አልነገረንም።

አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ የእህት ልጅ፣ ከጎንደር ለእረፍት የመጣች ወጣት ባለሙያ፣ እናቴን ልትጠይቅ መጣች። ምሳ ሰዓት ነበር። ከጎኗ ተቀምጣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየቻትና ትሪውን በእጇ ግማሽ ዙር አዞረችው። እናቴ «ውይ፣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ብላ መብላት ቀጠለች።

ዓይኗ ጤነኛ ነበር። ስትሮኩ የጎዳው ቀኙን የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል ሲጎዳ አንዳንድ ሕመምተኞች በግራ በኩል ያለውን ነገር ጨርሶ ልብ አይሉትም፤ ዓይን ያየውን አንጎል ሳይቆጥረው ያልፋል። የፊታቸውን ቀኝ ጎን ብቻ ተላጭተው የሚወጡ፣ የልብሳቸውን ግራ እጅጌ ሳያጠልቁ የሚነሡ፣ በር ሲያልፉ ግራ ትከሻቸውን የሚያጋጩ አሉ። ልጅቷ ትሪውን በማዞር አላቆመችም። በትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችና «እማማ፣ ይህን ቀይ ጨርቅ እስኪያዩት ድረስ ፊትዎን ወደ ግራ ያዙሩ፤ ሳያዩት አይጀምሩ» አለቻት። ትሪ ማዞር የአንድ ምሳ እርዳታ ነው። ሰውየው ራሱ የጠፋበትን ጎን እንዲፈልግ ማስለመድ ግን ሕክምና ነው። ያ ሕክምና ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ነርቭ ሥርዓት ስናነሣ ይህን የትሪ ነገር ለተማሪዎቼ መንገር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ልጆች ከክፍል በኋላ ይጠብቁኛል። «መምህር፣ ይህ ትምህርት የት ነው የሚሰጠው? ምን ያህል ማምጣት አለብን? ከአሁኑ ምን እናድርግ?» ይሉኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ ሁለተኛውም ብዙ አይረዝምም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሦስተኛው ጥያቄ ምክንያት ነው።

አስቀድሞ ስሙን እናጥራው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «ኦኩፔሽን» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚፈልግ ተማሪ «ሥራ፣ መተዳደሪያ» የሚል ያገኝና ሙያው ሥራ ማስቀጠር ወይም የፋብሪካ ሠራተኞችን ከአደጋ መጠበቅ ይመስለዋል። በዚህ ሙያ ውስጥ ግን ቃሉ ሰፋ ያለ ነው። ሰው ቀኑን የሚሞላበት ነገር ሁሉ፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ምግብ ማብሰል፣ ማረስ፣ መማር፣ መጫወት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ፣ ልጅ ማዘል፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሁሉም በዚያ ቃል ውስጥ ይገባል። አማርኛ ለዚህ የሚቀርብ ቃል ያለው ይመስለኛል። ቀዶ ሐኪሙን «ባለሙያ» እንለዋለን፤ ዶሮ አሳምራ የምትሠራንም ሴት «ባለሙያ ናት» እንላታለን። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠራ ትክክል ነው። እጇ የከዳት ሴት የምታጣው ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ የምትታወቅበትን ሙያዋን ጭምር ነው።

ከፊዚዮቴራፒ ጋር ያለው ልዩነትም ከዚህ ይነሣል። ሁለቱ ሙያዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አንዳንድ ቦታም ይደራረባሉ። በጥቅሉ ግን ፊዚዮቴራፒስቱ ትከሻው እንዲነሣ፣ ጉልበቱ እንዲታጠፍ፣ እግሩ እንዲራመድ ይደክማል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ደግሞ «በዚህ ትከሻ ምን ልታደርግበት ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቅና ያንን ነገር ራሱን መታከሚያ ያደርገዋል። ትከሻው ሙሉ በሙሉ ባይነሣ እንኳ ሥራውን፣ ዕቃውን ወይም ቤቱን ለውጦ ሰውየው የሚፈልገውን እንዲያደርግ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገለግላቸውም ስትሮክ የመታቸው ብቻ አይደሉም። ሴሬብራል ፓልሲ (በሕፃንነት በሚደርስ የአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት፣ እርሳስ መያዝ ያቃተው ሕፃን፣ ኦቲዝም ያለባት ልጅ፣ እጁ በእሳት የተቃጠለ፣ ሥጋ ደዌ ጣቶቹን ያደነዘዘበት፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከአልጋ መነሣትና መታጠብ የከበደው ሰው ሁሉ የዚህ ሙያ ጉዳይ ነው። የአእምሮ ጤና ከዚህ ትምህርት ጫፍ ላይ ሳይሆን መሐሉ ላይ እንዳለ ብዙ አመልካቾች አያውቁም፤ ሙያውን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ዊልያም ራሽ ደንተን የአእምሮ ሐኪም ነበር።

ስለ መሥራቾቹ ካነሣሁ ጆርጅ ባርተንን ሳልጠቅስ አላልፍም። አርክቴክት ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ታሞ፣ እግሩ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ በኋላም ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖበት ነበር። እጁን መልሶ ያሠለጠነው አትክልት በመኮትኮትና እንጨት በመሥራት ነው። ከዚያም በኒውዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ሌሎች ሕመምተኞች እንዲሁ የሚያገግሙበት ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1917 እሱና ጥቂት ባልደረቦቹ፣ ደንተንና ኤሊኖር ክላርክ ስሌግል የነበሩበት ቡድን፣ በዚያው ቤት ተሰብስበው የሙያውን የመጀመሪያ ማኅበር መሠረቱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች በሽመና፣ በቅርጫት ሥራና በአናጺነት ይታከሙ ነበር። ይህን ሳነብ ስፌት ስትሰፋ እያየኋት ያደግኩ አክስቴ ትዝ ትለኛለች። ስንደዶው ላይ አክርማ እየጠቀለሉ በወስፌ መውጋት ሁለት እጅ፣ ሁለት ዓይን፣ ቁጥርና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በእኛ ቤት ግን የሕክምና መሣሪያ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ መግቢያው በር። በአገራችን ኦኩፔሽናል ቴራፒን በመጀመሪያ ዲግሪ በማስተማር ፈር የቀደደው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ከመሠረተው ትብብር የተገኘ ነው። ለባሕር ዳር ልጅ ቅርብ ነው ማለት ይቻላል፦ ጣናን በምሥራቅ በኩል ይዞ በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።

በሩ ግን በአንድ ቁልፍ አይከፈትም። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ሳይንስ መስመር መያዝ ነው። ሁለተኛው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቃል፤ በዚያ የመጀመሪያ ዙር ይህን ያሟሉት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የምናስታውሰው በሐዘን ነው። ሦስተኛው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ነው፤ ይህን ትምህርት የምትፈልጉ ከሆነ ጎንደርን በምርጫችሁ ላይ አስቀድሙት። አራተኛው፣ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት፣ የአንደኛ ዓመት ውጤት ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባችሁ ማግሥት የትምህርት ክፍል አይሰጣችሁም፤ በመጀመሪያው ዓመት ያመጣችሁት ውጤትና የሞላችሁት ምርጫ ተዳምሮ ነው ቦታ የሚሰጣችሁ። የሚቀበሉት ተማሪ ቁጥርና መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ሊለወጥ ስለሚችል ያለፈው ዓመት ተማሪ የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር ራሳችሁ ጠይቁ። ትምህርቱን ስትጨርሱም የመውጫ ፈተና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የሚወስዱት ነው።

ስለዚያ አንደኛ ዓመት አንድ ነገር ልጨምር። የጤና ትምህርት የሚፈልጉ ልጆች ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ላይ ተጥደው ሌሎቹን የጋራ ኮርሶች «ለመሙያ የተሰጡ» አድርገው ያያሉ። ለእናንተ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጄኔራል ሳይኮሎጂ ሰው እንዴት እንደሚማር፣ እንደሚያስታውስና ተስፋ እንደሚቆርጥ ያስተምራችኋል። ሶሻል አንትሮፖሎጂ ምግብ አንዱ ቤት ውስጥ ገበታው ሲቀርብ፣ ሌላው ቤት ውስጥ ደግሞ «ብሉ» ተብሎ ሲጋበዝ እንደሚጀምር ያሳያችኋል። አካታችነት የሚባለው ኮርስ ደግሞ አካል ጉዳት በሰውየው አካል ውስጥ ብቻ ሳይሆን በደረጃው፣ በበሩና በሰው አመለካከት ውስጥም እንደሚገኝ ይነግራችኋል። እነዚህ ሦስቱ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ግማሽ ናቸው። ሌላ አገር የሚያመለክት ሰውም ሳይኮሎጂና አንትሮፖሎጂ ወስዶ እንደሆነ ሊጠየቅ ይችላል።

ባዮሎጂ ላይ ያላችሁ ከሆነ ከሰውነት ሁሉ እጅን አስበልጣችሁ አጥኑ። በአንድ እጅ ውስጥ 27 አጥንቶች አሉ፦ 8 በአንጓው፣ 5 በመዳፉ፣ 14 በጣቶቹ። ስማቸውን መሸምደድ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ እያንዳንዱን ነርቭ በቤት ውስጥ ከሚሠራ አንድ ነገር ጋር ማገናኘት ነው። ክርናችሁ ሲጋጭ ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣታችሁን ግማሽ የሚነዝራችሁ ኡልናር የተባለው ነርቭ ነው፤ እሱ ሲጎዳ ጣቶችን ማራራቅና ቁልፍ ቆንጥጦ ማዞር ያስቸግራል። ሚዲያን የተባለው ሲጎዳ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም፤ እንጀራ ቆርሶ መጠቅለል የሚቻለው ግን በዚህ መገናኘት ነው። ራዲያል የተባለው ሲጎዳ ደግሞ አንጓ ወደ ላይ አልነሣም ይላል፣ መዳፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እንዲህ ባለ እጅ ጀበና አንሥቶ መቅዳት አይሞከርም። ተማሪዎቼ ሦስቱን ነርቮች በሥዕል ሲያጠኑ ይረሷቸዋል፤ በእንጀራ፣ በቁልፍና በጀበና ሲያጠኗቸው ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይረሷቸውም።

ለሦስተኛው ጥያቄ የምሰጠው መልስ «አንድ ደብተር ግዙ» የሚል ነው። በዚህ ደብተር ሰው ሲሠራ እያያችሁ ትጽፋላችሁ። ባለሙያዎቹ «የተግባር ትንተና» የሚሉት ነገር የዚህ ትምህርት ፊደል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታችሁ በፊት ያለ አንዳች መሣሪያ ልትለማመዱት ትችላላችሁ።

ቡናን እንውሰድ። «ቡና ማፍላት» ስንል አንድ ነገር የምናደርግ ይመስለናል። በመጀመሪያ ዱካ ላይ መቀመጥ አለ፤ ዱካ ዝቅተኛ ስለሆነ ዳሌና ጉልበት ክፉኛ መታጠፍ አለባቸው፣ ለመነሣት ደግሞ ከመቀመጥ የበለጠ ጉልበት ያስፈልጋል። ቡናውን ማጠብ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሲቆላ አንድ እጅ ያማስላል፣ ዓይን ቀለሙን ይጠብቃል፣ አፍንጫ ጊዜውን ይናገራል፤ ጭሱን ለእንግዶች ለማሸተት ደግሞ ትኩስ ምጣድ ይዞ መነሣትና መዞር አለ። ሲወቀጥ ቀኝ እጅ ዘነዘናውን ያነሣል፣ ግራ እጅ ሙቀጫውን ይይዛል፤ ግራው ካልያዘ ሙቀጫው በየምቱ ይሸሻል። የተወቀጠውን በጠባቡ የጀበና አንገት መጨመር የጣት ጫፍ ጥንቃቄ ነው። እንዳይገነፍል መጠበቅ ትኩረት ነው፤ መቅዳት የአንጓ መዞር ነው፤ ሲኒዎቹን በተርታ መሙላት ርቀትን መለካት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለመጨረስ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ቅደም ተከተል ሳያጠፉ፣ ጨዋታም ሳያቋርጡ መቆየት ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ጎረቤት የሚመጣው በቡናው ምክንያት ነው። ቡና ማፍላት ያቆመች ሴት ሰው ማየትም ታቆማለች።

ያቺ ወጣት እናቴን «ምን ናፈቀዎት?» ብላ ስትጠይቃት እናቴ ሳታመነታ «ቡናዬን ራሴ አፍልቼ ሰው መጥራት» አለች። እኔ በልቤ «መጀመሪያ ትዳን እንጂ» ብዬ ነበር። ልጅቷ ግን መታከሚያውን እዚያው አገኘችው። ዱካው ቀርቶ ከፍ ያለ ወንበርና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ተደረገ። ሙቀጫው እንዳይሸሽ ከሥሩ የታጠፈ እርጥብ ጨርቅ ተነጠፈ። የደከመው ግራ እጅ ጭን ላይ ከሚተኛ በሙቀጫው ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ፤ ጉልበት ባይኖረውም ክብደቱ ይረዳል። ጀበናው በትንሽ ተተካ። ከሁሉ ያስገረመኝ የዕቃዎቹ አቀማመጥ ነው። ሲኒ የተደረደረበትን ረከቦት ሆን ብላ ወደ ግራ አደረገችው፤ እናቴ ሲኒዎቹን ለማግኘት ፊቷን ወደ ጠፋባት ጎን ማዞር ነበረባት። የከሰል ምድጃውን ግን በቀኝ በኩል አኖረችው፤ ልብ በማትለው ጎን እሳት ካለ ቀሚሷ ሲያያዝ እንኳ ላታውቅ ትችላለችና። ረከቦቱ በግራ የሆነው ሕክምና ስለሆነ ነው፤ እሳቱ በቀኝ የሆነው ደኅንነት ስለሆነ ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ማሰብ መቻል ነው የዚህ ሙያ እውቀት።

ወራት ፈጀ። አንድ ጀበና ተሰብሯል። ግራ እጇ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ይሆናል ብሎም ቃል የገባልን አልነበረም። ቡናው ግን ይፈላል።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ እንዲህ ጻፉ፦ ሥራው ምንድን ነው፣ በምን በምን ይከፈላል፣ የትኛው ክፍል የቱን ጡንቻ፣ የቱን ስሜት፣ የቱን ሐሳብ ይጠይቃል፣ ሰውየው ለምን ይወደዋል። ገበያ ውስጥ በርበሬ የምትሰፍር ሴት፣ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት፣ በጣና ዳር ዓሣ የሚያጸዳ ሰው፣ ኳስ የሚጫወት ሕፃን፣ ሁሉም ገጽ ይሆናሉ። በሳምንት አንድ ገጽ ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሕክምናውን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠራበት የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚመለከተውን ክፍል ኃላፊ ጠይቃችሁ፣ ከትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ፣ ጥቂት ቀን እንድትመለከቱ ፈቃድ ልትለምኑ ትችላላችሁ። የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ክፍል ያለበት ትምህርት ቤትም ጥሩ መመልከቻ ነው። ስትገቡ ግን ሥነ ሥርዓት ይዛችሁ ግቡ። የሕመምተኛውን ስም በደብተራችሁ አትጻፉ። ስልካችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ፤ ፎቶ ማንሣት ፈጽሞ አይታሰብ። ከታማሚው ራሱ ፈቃድ ጠይቁ፤ «አይሆንም» ካለ ወጥታችሁ በር ላይ ጠብቁ። የሰው ድካም የእናንተ መማሪያ የሚሆነው እሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ቸል የሚል ልጅ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሙያ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ውጭ አገር ለማመልከት የሚያስቡም አሉ፤ መንገዱ ከአገር አገር ስለሚለያይ ሳያጠሩ መነሣት ገንዘብና ዓመት ያስበላል። በአሜሪካ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ለመሆን የመግቢያው ደረጃ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በሳይኮሎጂም በባዮሎጂም በሌላም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ትምህርት ቤቶቹ አስቀድመው እንዲወሰዱ የሚጠይቋቸው ትምህርቶች አሏቸው፤ የተለመዱት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ከነላቦራቶሪው፣ ስታቲስቲክስ፣ የእድገት ሳይኮሎጂ፣ የአእምሮ ሕመም ሳይኮሎጂ፣ እንዲሁም ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ ናቸው። አንዳንዶቹ እነዚህ ትምህርቶች ከተወሰዱ ብዙ ዓመት ካለፋቸው አይቀበሉም። ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ኦቲካስ በሚባል የጋራ ሥርዓት ነው። የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ የግል ጽሑፍ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት፣ በአሜሪካ ስሌት የተተመነ የውጤት ማስረጃ፣ በብዙ ቦታም ባለሙያ ሲሠራ የተመለከታችሁበት ሰዓት በፊርማ ተረጋግጦ ይጠየቃል። በትምህርቱ ማብቂያ ቢያንስ 24 ሳምንት የሙሉ ጊዜ የተግባር ልምምድ፣ ከዚያ አገር አቀፍ የሙያ ፈተና፣ ከዚያ የግዛቱ ፈቃድ ይከተላል። የረዳትነት ፕሮግራም የሚባል ለብቻው አለ፤ ከዋናው ጋር አታምታቱት።

በካናዳ መግቢያው ማስተርስ ነው። በእንግሊዝ በመጀመሪያ ዲግሪም፣ ሌላ ዲግሪ ላለው ደግሞ በ2 ዓመት ማስተርስም ይቻላል። በደቡብ አፍሪካ የ4 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። የትም ብታመለክቱ አንድ ነገር አጣሩ፦ ትምህርት ቤቱ የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን እውቅና አለው ወይ? ይህ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተ ሲሆን እውቅና የሚሰጠው ተማሪዎቹ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ትምህርት ለሚያገኙበት ፕሮግራም ነው። እውቅና ያላቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ራሱ ያወጣል፤ ማንም በነፃ ሊያየው ይችላል። «ቦታ ይዤላችኋለሁ፣ ቀብድ ክፈሉ» የሚል ደላላ ከመጣ መጀመሪያ ይህን ዝርዝር ክፈቱ። ወላጅ በሬ ሸጦ የላከው ገንዘብ እውቅና በሌለው ትምህርት ቤት ላይ ሲቀር አይቻለሁ፤ ለዚያ ቤተሰብ ያዘንኩትን ያህል ለማንም አላዘንኩም።

የግል ጽሑፍ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የተማሪዎቼን ረቂቅ ሳነብ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንብኛልና። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰዎችን መርዳት እወዳለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ይህን ነርስ ለመሆን የሚያመለክትም፣ መምህር ለመሆን የሚያመለክትም ሊጽፈው ይችላል። አንዱ ተማሪዬ ከደብተሩ ላይ ተነሥቶ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «አያቴ ጣቶቿ በሪህ ካበጡ በኋላ የውኃ ጀሪካኑን ክዳን መክፈት አቃታት። ሰው እስኪመጣ ድረስ ጠምቷት ትቀመጥ ነበር። ክዳኑን በሻካራ ጨርቅ ጠቅልላ በጣቷ ሳይሆን በመዳፏ መግፋት ስትጀምር ግን ማንንም መጠበቅ ተወች።» ሰዎችን እወዳለሁ የሚል ቃል የለበትም። ማየት እንደሚችል ግን ያነበበው ሁሉ ያውቃል። ቃለ መጠይቅ ካለም እንዲሁ ነው፤ «ለምን ይህን ሙያ መረጥክ?» ሲሉህ ያየኸውን ንገራቸው፣ ከፊዚዮቴራፒ በምን እንደሚለይ ሲጠይቁህ ደግሞ በምሳሌ አስረዳቸው።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። «ሐኪም ወይም ኢንጂነር ካልሆነ» የሚል ግፊት ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ሙያው በአገራችን ገና አዲስ ነው፤ የሥራ መደቡም በየሆስፒታሉ ተዘርግቶ አይጠብቅም፤ ይህን ደብቄ ልጆቻችሁን ላበረታታ አልፈልግም። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ከማከም ጎን ለጎን ሙያቸውን ለሥራ አስኪያጅ፣ ለሐኪም፣ ለቤተሰብ እያስረዱ መኖር አለባቸው። ያን የማይወድ ልጅ ሌላ ትምህርት ቢመርጥ ይሻለዋል። ያን የሚችል ልጅ ግን እንደ እናቴ ያለ ሰው ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሞልቶለታል።

ባለፈው ዓመት «ደብተር ግዙ» ካልኳቸው ተማሪዎች አንዷ የመጀመሪያ ገጿን አመጣችልኝ። ጣና ዳር ሄዳ አንድ አባት ታንኳ ሲሠሩ፣ ፈቃድ ጠይቃ፣ ሙሉ ጠዋት ስታይ ቆይታ ነበር። «ደንገሉን በቁመቱ ያሰልፋሉ» ብላ ጀምራለች። «በጉልበታቸው ተንበርክከው ይሠራሉ። ገመዱን በቀኝ እጃቸው ይስባሉ፣ በእግራቸው ይጫኑታል። ሲደክማቸው አይቆሙም፣ ጎናቸውን ይለውጣሉ። ለምን እንደሚሠሩ ስጠይቃቸው ‹አባቴ ይሠራ ነበር› አሉኝ።» ጥሩ ገጽ ነበር። ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ጻፍኩላት፦ «ቀኝ እጃቸው ገመዱን ሲስብ ግራ እጃቸው ምን ያደርጋል?» አነበበችው፣ ትንሽ አሰበች፣ ደብተሩን ዘጋች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ተመልሳ ወደ ጣና ዳር ሄደች።